ቪየናን ያዳናት ንጉሥ ምን ተረፈው?

ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ የመጨረሻው ክፍል ላይ አንድ ቦታ አለ፤ ስንቴ እንዳየሁት እንጃ። ነጯ ከተማ ተከባለች፣ በሯ ተሰብሯል። በቃ አለቀላት ስትሉ ፈረሰኞቹ ከኮረብታው ጫፍ ብቅ ይላሉ። ሁሌ ውርር ያደርገኛል።

ደራሲው ቶልኪን ሐሳቡን ከየት እንዳመጣው ራሱ ነው የሚያውቀው። ብዙ አድናቂዎች ግን አንድ እውነተኛ ሰው ይጠራሉ፤ የፖላንዱን ንጉሥ ያን ሶቢየስኪን። ታሪኩን ካነበብኩ ወዲህ ፊልሙን እንደ ድሮው ማየት አቃተኝ።

ሶቢየስኪ እ.ኤ.አ. በ1629 ኦሌስኮ ውስጥ ተወለደ፤ ቦታው ዛሬ ዩክሬን ነው። ቤቱ ሐዘን የለመደ ነበር። የእናቱ አያት ከኦቶማኖች ጋር ሲዋጉ ወድቀዋል፤ ታላቅ ወንድሙን ታታሮች ማርከው ገድለውታል። እሱ ግን በወጣትነቱ ከመልእክተኞች ጋር ኢስታንቡል ሄዶ ባላንጣውን በቅርብ አየ። በ1673 ሆቲን ላይ ኦቶማኖችን ድል አደረገ፤ በዓመቱ መኳንንቱ መርጠው አነገሡት።

በ1683 ክረምት የካራ ሙስጠፋ ፓሻ ጦር ቪየናን ከበበ። ከግንቡ ሥር ዋሻ እየቆፈረ ባሩድ ያፈነዳል፤ ውስጥ ያለው ሕዝብ በረሃብና በበሽታ ያልቃል። ሁለት ወር እንዲህ ቆየ። ሶቢየስኪ ቪየናን ለመርዳት ቃል ገብቶ ነበርና ጦሩን ይዞ መጣ።

ሴፕቴምበር 12 ውጊያው በጠዋት ተጀመረ። ፊልም ላይ የማናየው ይሄን ነው፤ ቁልቁለቱን ቀኑን ሙሉ እየሞተ ያጸዳው እግረኛው ነው። አመሻሹ ላይ 18 ሺህ ገደማ ፈረሰኛ ከካህለንበርግ ኮረብታ ወረደ። ከፊት ክንፋሞቹ የሚባሉት የፖላንድ ፈረሰኞች፣ ከእነሱ ጋር የ54 ዓመቱ፣ ሰውነቱ የከበደው ንጉሥ። ሳይመሽ ከበባው ተሰበረ።

ፊልሙ ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ሶቢየስኪ በ1696 ሲሞት ዙፋኑ ለልጁ አልተላለፈም። በ1772 ሦስት ጎረቤቶች ፖላንድን ቆርሰው ተካፈሉ፤ አንዷ እሱ ያዳናት ኦስትሪያ ነበረች። የተወለደበት ኦሌስኮ ሳይቀር ለቪየና ገባ። በ1795 ፖላንድ ከነጭራሹ ከካርታ ጠፋች።

አሁንም ፈረሰኞቹ ሲወርዱ ውርር ያደርገኛል። ግን ዓይኔ ከተማዋ ላይ አይደለም፤ የመጡበትን አገር ነው የማስበው።