ጥላሁን ገሠሠና የአዲሱ ፍቅር ዜማ

በሞላሌና በመላው የመንዝ ደጋ ፍቅርና ናፍቆት ሲገለጡ የኖሩት በመሰንቆ ነው። ከፈረስ ጭራ የተበጀ አንድ አውታር፣ አንድ ደጋንና አንድ የሰው ድምፅ ለሠርጉም ለሐዘኑም ይበቁ ነበር። ይኸው ቅኝት ከጥሩንባ፣ ከሳክስፎንና ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ሲገናኝ መልኩን ሳያጣ መኖር ይችል ይሆን? ለዚህ ጥያቄ በሕይወቱ መልስ ከሰጡት ታላላቅ ድምፃውያን አንዱ ጥላሁን ገሠሠ ነው።

ጥላሁን ከአባቱ ከአቶ ገሠሠ ወልደ ኪዳንና ከእናቱ ከወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለደ። በልጅነቱ አያቱ ወደ ወሊሶ ወስደውት በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተማረ። የዘፈን ፍቅሩን ያስተዋሉት ሱዳናዊው ርዕሰ መምህር ሚስተር ሸዳድ አበረታቱት። የሀገር ፍቅር ቴአትር ከያንያን ወሊሶ በመጡ ጊዜም ከእነ ኢዮኤል ዮሐንስ ጋር ለመነጋገር በቃ። አያቱ ግን ከትምህርቱ እንዲለይ አልፈቀዱም። ልጁ በእግሩ ኮበለለ፤ ቱሉ ቦሎ ላይ ተይዞ ተመለሰ። ሁለተኛው ሙከራው ግን ተሳካ፤ ዕቃ በጫነ መኪና ውስጥ ተደብቆ አዲስ አበባ ገባ።

በሀገር ፍቅር ቴአትር ጀምሮ ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተሻገረ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የየራሳቸው አምስት ድምፆች አሏቸው፤ የናስ መሣሪያዎች ግን የተሠሩት ለአውሮጳ የድምፅ አከፋፈል ነው። የጥላሁን ጉሮሮ በሁለቱ መካከል ድልድይ ሆነ። ጥሩንባዎቹ ምቱን አጥብቀው ሲይዙ፣ እርሱ ቃሉን እያርገበገበና እየሳበ የአዝማሪውን ለዛ ጠበቀ።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዦች የመሩት መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ጥላሁንም ታሰረ። በሰምና ወርቅ ያደገ አድማጭ ባለበት አገር የፍቅር ዘፈንም ከጥርጣሬ አላመለጠም። «አልቻልኩም» የተሰኘው ዘፈኑ የተፈቃሪን ጭካኔ የሚያማርር ሲሆን፣ ብዙዎች የዘመኑን ብሶት ሰምተውበታል። አንድ ዘፋኝ ለተናገረውም ላልተናገረውም ተጠያቂ የሚሆንበት ጊዜ ነበር።

ከእስር ወጥቶ መዝፈኑን ቀጠለ። በ1960ዎቹ ሮክና የጥቁር አሜሪካውያን ሶል በሸክላና በሬዲዮ አዲስ አበባን ሲያጥለቀልቁ፣ ጊታርና ኦርጋን የአማርኛውን የፍቅር ዘፈን ለወጡት። ዐምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የመንግሥትን የሸክላ ሞኖፖል ደፍሮ የራሱን ማሳተም ጀመረ። እነ ዓለማየሁ እሸቴ የሮክን አለባበስና እንቅስቃሴ ሲከተሉ፣ ጥላሁን እጅግም ሳይወዛወዝ፣ ድምፁን ብቻ ተማምኖ ቆመ። በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፈነ።

በመጨረሻ ዘመኑ የስኳር በሽታ አንድ እግሩን አሳጣው፤ እርሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር መድረክ ላይ እየወጣ ዘፈነ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነት ሰጥቶታል። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት፣ በ68 ዓመቱ ዐረፈ። በመንግሥታዊ ሥርዓት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበር የሸኘው ሕዝብ አደባባዩን ሞልቶት ነበር። ያ ከአያቱ ቤት የኮበለለ ልጅ፣ ቅኝቱን ይዞ መሣሪያውን መለወጥ እንደሚቻል አስመስክሮ ነበር።