ዴቭ ጋሮዌይ፦ ከማለዳው መስኮት በስተጀርባ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 14 ቀን 1952 ማለዳ በኒው ዮርክ ከተማ 49ኛው ጎዳና ላይ ወደ ሥራቸው የሚጣደፉ ሰዎች በአንድ ሰፊ የመስታወት መስኮት ፊት ቆም እያሉ ወደ ውስጥ ይመለከቱ ነበር። በውስጡ የልዩ ልዩ ከተሞችን ጊዜ የሚያመለክቱ ሰዓቶች፣ ስልኮችና የዜና መቀበያ መሣሪያዎች ተደርድረዋል። በመካከላቸውም መነጽር ያደረገ፣ ፓፒዮን ያሰረ፣ እርጋታ የተላበሰ ሰው ይዘዋወራል። ይህ ሰው ዴቭ ጋሮዌይ ነበር። በዚያ ዕለት የተጀመረው «ቱዴይ» የተባለው የኤን ቢ ሲ የማለዳ ፕሮግራም ከሰባ ዓመት በኋላም አልተቋረጠም።

ጋሮዌይ የተወለደው በ1913 በኒው ዮርክ ግዛት በስከኔክታዲ ከተማ ነው። ወደ ኤን ቢ ሲ የገባው በ1938 በእንግዳ አስተናጋጅነትና በተላላኪነት ነበር። ከዚያም በፒትስበርግ ሬዲዮ ሠርቶ፣ በጦርነቱ ዘመን በባሕር ኃይል አገልግሎ፣ በመጨረሻ በሺካጎ እኩለ ሌሊት ላይ የጃዝ ሙዚቃ የሚያሰማ አቅራቢ ሆነ። የአነጋገሩ ስልት የተቀረጸው እዚያ ነው። እንደ ጊዜው አስተዋዋቂዎች ድምፁን አጉልቶ ከማወጅ ይልቅ፣ እንቅልፍ ላጣ ለአንድ አድማጭ ብቻ የሚያጫውት ይመስል በለሆሳስ ይናገር ነበር። በ1949 ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገርም ይህንኑ ይዞ ተሻገረ።

የማለዳው ሐሳብ ግን የእርሱ ሳይሆን የድርጅቱ ኃላፊ የሲልቬስተር ዊቨር ነበር። ከጧቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ፣ ሰው ፊቱን ሲታጠብ፣ ቁርሱን ሲያሰናዳ፣ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ሲሸኝ ቴሌቪዥን ይከፍታል ብሎ የሚያምን ጥቂት ነበር። የጋዜጣ ሐያስያን ተሳለቁበት፤ ማስታወቂያ ሰጪዎችም አመነቱ።

በ1953 ጄ. ፍሬድ ማግስ የተባለ ትንሽ ቺምፓንዚ ወደ ስቱዲዮው ገባ። ልጆች እንስሳውን ለማየት ቴሌቪዥኑን ሲያስከፍቱ ወላጆች አብረው ተመለከቱ፤ ማስታወቂያውም ተከተለ። ዜናና ቁም ነገር ለማቅረብ የተነሣ ፕሮግራም በቺምፓንዚ ትከሻ መቆሙ ለጋዜጠኛ የሚያስደስት ነገር አይደለም፤ ይሁን እንጂ እውነቱ ይኸው ነው። በዚያው ዓመት ጁን 2 ቀን የዳግማዊት ኤልሳቤጥ የዘውድ በዓል ሲተላለፍ ማግስ በመካከሉ ብቅ በማለቱ እንግሊዞች እጅግ ተቈጡ። ጉዳዩ እስከ ፓርላማቸው ደረሰ። በማስታወቂያ ገቢ የሚተዳደር ቴሌቪዥን በአገራቸው እንዳይፈቀድ ይሟገቱ የነበሩት ወገኖችም ጥሩ መከራከሪያ አገኙ፤ ዳሩ ግን ፈቃጁ ሕግ በ1954 ከመውጣት አልታገደም። እንስሳው በ1957 ተሰናበተ።

ጋሮዌይ በየማለዳው ፕሮግራሙን የሚዘጋው መዳፉን ከፍ አድርጎ ለተመልካቹ ሰላምን በመመኘት ነበር። ያ ሰላም ለራሱ አልተረፈውም። ሌሊት እየተነሣ ለዓመታት በቀጥታ ሥርጭት መሥራት፣ በዚያ ላይ ከ1955 እስከ 1958 የእሑድ ፕሮግራም መደረብ፣ ጉልበቱን አሟጠጠው። ነቅቶ ለመቆየት አነቃቂ መድኃኒት ይወስድ ነበር፤ ጽኑ የመንፈስ ጭንቀትም ነበረበት። ተመልካቹ ግን ያየው እርጋታውን ብቻ ነበር።

በኤፕሪል 1961 ባለቤቱ ፓሜላ ራሷን አጠፋች። እርሱም በዚያው ዓመት ፕሮግራሙን ተወ። ከዚያ በኋላ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ሬዲዮ ለመመለስ ደጋግሞ ቢሞክርም የቀድሞው ስፍራ አልተመለሰለትም። ሥነ ፈለክን ይወድ ስለነበር በ1980 ያገባትም ሴት የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበረች።

በጃንዋሪ 1982 የፕሮግራሙ ሠላሳኛ ዓመት ሲከበር ጋሮዌይ ከተተኪዎቹ ጋር ታየ። በዚያው ዓመት በጁላይ 21 ቀን፣ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በሕመም ሲሠቃይ ቆይቶ፣ በስዋርዝሞር በሚገኘው ቤቱ በ69 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ከዚያም የመንፈስ ጭንቀት የሚጠናበት ቤተ ሙከራ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በስሙ ተቋቋመ።