ዐፄ ቴዎድሮስና የመቅደላው የጦር መሣሪያ

በ1811 ዓ.ም በቋራ የተወለዱት ካሳ ኃይሉ ዘመነ መሳፍንትን አክትመው በየካቲት 1847 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ድል ካደረጓቸው መሳፍንት የማረኩትን ጠመንጃ፣ መድፍ፣ ጋሻና ጎራዴ በወሎ በሚገኘው መቅደላ አምባ አከማቹ። ምኞታቸው ግን መሣሪያን በአገር ውስጥ ማሠራት ነበር። በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት የሰፈሩ አውሮፓውያን ሚስዮናውያን መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ከሁሉ የገዘፈው ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል።

ንጉሡ በ1860 ዓ.ም መድፉን ወደ መቅደላ ለማድረስ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ አስጠረጉ፤ ጉዞው ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ይሁንና የሠራዊቱ ቀለብ ከገበሬው ጎተራ ይወጣ ነበርና፣ ጎተራው ሲራቆት አገሩ ሸፈተባቸው። የእንግሊዝ ጦር ሲደርስ መሣሪያው ቢኖርም ተከታያቸው ሳስቶ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም እጅ ከመስጠት ይልቅ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ ባገኙት ሽጉጥ ሕይወታቸውን አሳለፉ።

የመቅደላ ቅርስ ተዘርፎ በአውሮፓ ቤተ መዘክሮችና በግል ሰብሳቢዎች እጅ ተበተነ። ሴባስቶፖል ግን እስከ ዛሬ እዚያው መቅደላ ይገኛል።