ዘውድ ከመድፋቷ በፊት ያልፈረመችው ወረቀት

የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ስትነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የመቅደላን ነገር ነው። እኔ ግን ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግሁት ገና ልጅ ሳለች የገጠማትንና ዘውድ የጫነችበትን ቀን ነው።

ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 1819 ለንደን ውስጥ በኬንሲንግተን ቤተ መንግሥት ተወለደች። አባቷ የስምንት ወር ሕፃን ሳለች ሞተ። ትቶ የሄደው ዕዳ ነበር። እናቷና የቤቱ አስተዳዳሪ ጆን ኮንሮይ በጥብቅ ቁጥጥር አሳደጓት። ከእናቷ ክፍል ውጭ አታድርም፤ ደረጃ ስትወርድ እንኳ እጇን የሚይዝ ሰው ነበረ። የቤቱ ገንዘብ በኮንሮይ እጅ ነበር፤ ሒሳቡም የጠራ አልነበረም።

16 ዓመት ሲሆናት በጠና ታመመች። እዚያው አልጋ ላይ ሳለች ኮንሮይ፣ ስትነግሥ የግል ጸሐፊዋ አድርጋ እንድትሾመው ፈርሚ እያለ አስጨነቃት። እናቷም በእሱ ወገን ነበረች። ልጅቱ ግን ሳትፈርም ጸናች።

ጁን 20 ቀን 1837 ማለዳ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ የአጎቷን የንጉሥ ዊልያም 4ኛን ሞት ሊነግራት መጣ። 18 ዓመት ከሞላት ገና አንድ ወር አልሆነም። በዚያው ቀን አልጋዋን ከእናቷ ክፍል አስወጣች፤ ኮንሮይንም ከሥራዋ አራቀችው። ቀጥሎ የአባቷን ዕዳ ከራሷ ገቢ ከፈለች።

የዘውድ በዓሉ የተከበረው ጁን 28 ቀን 1838 በዌስትሚኒስተር ቤተ ክርስቲያን ነው። ከ1066 ጀምሮ የእንግሊዝ ነገሥታት ዘውድ የሚደፉት እዚያ ነው። ፓርላማው ለበዓሉ 70,000 ፓውንድ ያህል ፈቀደ። ከ17 ዓመት በፊት ለሌላው አጎቷ ለጆርጅ 4ኛ ከ230,000 ፓውንድ በላይ ወጥቶ ነበር። በቪክቶሪያ በዓል የመኳንንቱ ግብዣ ቀርቶ የመንገዱ ሰልፍ እንዲረዝም ተደረገ፤ ሕዝቡም ንግሥቱን በዓይኑ አየ።

ሥርዓቱ ጥንታዊ ነው። የሚነግሠው ሰው አስቀድሞ በሕግ ለመግዛት ይምላል። ከዚያ በቅዱስ ዘይት ይቀባል፤ ቀለበት፣ መስቀል ያለበት የወርቅ ኳስና በትረ መንግሥት ይቀበላል፤ ዘውድ ይደፋል። በመጨረሻ መኳንንቱ እጅ ይነሱ ነበር። ቪክቶሪያ ጥንታዊው የቅዱስ ኤድዋርድ ዘውድ ከ2 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ቀለል ያለ አዲስ ዘውድ ተሠራላት።

ችግሩ በቂ ልምምድ አለመደረጉ ነበር። ሥርዓቱ አምስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ለትንሿ ጣት የተሠራውን ቀለበት ሊቀ ጳጳሱ በግድ ቀጣዩ ጣቷ ላይ አስገባው፤ በኋላ በበረዶ ውኃ ነክራ በሥቃይ አወለቀችው። አንድ ጳጳስ ሁለት ገጽ አብሮ በመግለጡ ሥርዓቱ ሳያልቅ አልቋል ተብላ ወጣች፤ ተመልሳ እንድትገባ ተደረገ። ከ80 ዓመት ያለፉት ሎርድ ሮል እጅ ሊነሱ ሲወጡ ደረጃው ላይ ወደቁ። ሊደግሙት ሲነሱ ወጣቷ ንግሥት ራሷ ተነሥታ ወደ እሳቸው ወረደች። በዚያን ቀን የብዙውን ሰው ልብ የነካው ይህ ነው።

63 ዓመት ነግሣ ጃንዋሪ 22 ቀን 1901 አረፈች። ዘመኗ ለእኛ ቁስልም ትቷል። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 የጻፉላት ደብዳቤ ለዓመታት መልስ አጣ፤ በ1868 ጦሯ መቅደላ ገባ፤ ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ። ለልጁ ብታዝንለትም ወደ አገሩ አልተመለሰም። ስለዚህ ያለ ነቀፋ አላነሳኋትም።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ከታሪኳ ሁሉ ዓይኔ የሚያርፈው በዚያች የሕመም አልጋ ላይ ነው። ገንዘቧንና ሥልጣኗን የሚያሳልፍ ፊርማ የጠየቃት ባዕድ አልነበረም፤ የቤት ሰው ነበር። ከእኛም መካከል ለወንድም፣ ለባል ወይም ለዘመድ ይሉኝታ ይዟት የማታውቀውን የብድር ወረቀት የፈረመች አትጠፋም። እህቶቼ፣ ሳናነብ አንፈርም። ማንበብ ያቃተን እንደሆነ ወረቀቱን ይዘን ወደ ማኅበራችን እንምጣ፤ አብረን እናነበዋለን።