የዘገየው ቀለም፤ የአልበርት ሴንት ጆርጂ የሕይወት ታሪክ

እናቴ ድንች ልጣ እንደ ጨረሰች ወዲያው ውሃ ውስጥ ትነክረዋለች። በልጅነቴ ምክንያቱን ብጠይቃት፣ ካልተነከረ ይጠቍራል ብላ ብቻ መለሰችልኝ። ለምን እንደሚጠቍር ግን እርስዋም አላወቀችም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም። ባለፈው ዓመት ክፍል ደግሜ በኀፍረት አንገቴን ደፍቼ ሳለሁ፣ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ አንድ የሀንጋሪ ሊቅ ሕይወት አነበብሁ። ይህ ሰው ያንኑ የጓዳ ጥያቄ ሳይሰለች ተከታትሎ ከኖቤል ሽልማት የደረሰ ነው። ስለዚህ ታሪኩን በመጽሔታችን ላይ ለጓደኞቼ ላካፍል አሰብሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አልበርት ሴንት ጆርጂ በ1893 በቡዳፔስት ከተማ ተወለደ። የእናቱ ወገኖች ከትውልድ ወደ ትውልድ የሣይንስ ሰዎች ነበሩ፤ አጎቱም ስለ ሰውነት አሠራር የሚያስተምር የታወቀ ፕሮፌሰር ነበር። ልጁ ግን ትምህርት አይገባውም ነበር። ዐሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ተመራማሪ ለመሆን እንደሚፈልግ ቢናገር፣ አጎቱ እንዲህ ላለ ደካማ ልጅ በሣይንስ ውስጥ ቦታ የለም ብሎ ተቃወመ። ወጣቱ አልተከራከረም፤ ማንበብ ጀመረ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በከፍተኛ ውጤት ጨርሶ በ1911 ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ገባ።

ትምህርቱን ሳይፈጽም የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣና በጦር ሜዳ የሕክምና ሠራተኛ ሆኖ ዘመተ። ስለ ጀግንነቱም ሜዳሊያ ተሸለመ። ይሁን እንጂ በ1916፣ ያለ ምክንያት የሚረግፈውን ወጣት አይቶ አንጀቱ ቢቃጠል፣ የራሱን ክንድ በጥይት መታና ቁስለኛ ሆኖ ወደ አገሩ ተመለሰ። ይህን ሥራውን ጀግንነት ነው ወይስ አይደለም ብዬ ብዙ አስቤአለሁ፤ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ። በ1917 ግን የሐኪምነት ዲግሪውን ተቀበለ።

ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ተከፋፍላ ቤተሰቡም ደኽይቶ ስለ ነበር፣ ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ይዞ ከከተማ ወደ ከተማ ተንከራተተ። በመጨረሻ በሆላንድ አገር በግሮኒንገን ሥራ አገኘ። በዚያም ሳለ አንድ ተራ ነገር ሐሳቡን ያዘው። ፖም ወይም ድንች ሲቈረጥ የኦክሲጅን አየር ነክቶት ይጠቍራል፤ ሎሚና ብርቱካን ግን አይጠቍሩም። ለምን? በመሞከሪያ ብርጭቆ ውስጥ ወዲያው ቀለም የሚሰጥ ቅመም አዘጋጅቶ የሎሚ ወገን የሆነ ፍሬ ጭማቂ ቢጨምርበት፣ ቀለሙ ጥቂት ቈይቶ መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህችን አጭር መዘግየት ከቁም ነገር አይቈጥራትም ነበር። እርሱ ግን በጭማቂው ውስጥ ኦክሲጅን የሚያደርሰውን ለውጥ የሚከላከል አንድ ነገር መኖሩን ተረዳ።

በአድሬናል ዕጢዎች በሽታ የሚያዙ ሰዎች ቆዳቸው እንደሚጠቍር ያውቅ ስለ ነበር፣ ያው ነገር ከኵላሊት በላይ በተቀመጡት በእነዚህ ዕጢዎች ውስጥ ይኖር ይሆን ብሎ ፍለጋውን ቀጠለ። ነገር ግን በ1926 ሥራውን የሚደግፍለት አጥቶ፣ ሚስቱንና ልጁን ወደ ሀንጋሪ ልኮ፣ ሕይወቱን ለማጥፋት እስከ ማሰብ ደረሰ። ለመጨረሻ ጊዜ ሊቃውንትን ልይ ብሎ በስቶክሆልም ወደ ተደረገው ጉባኤ ሄደ። በጉባኤው ላይ ታላቁ እንግሊዛዊ ሊቅ ፍሬደሪክ ሆፕኪንስ ሲናገሩ የእርሱን ጽሑፍ በስም ጠቀሱ። ወጣቱም ቀርቦ ራሱን አስተዋወቀ፤ ሆፕኪንስም ወደ ካምብሪጅ ጋበዙት። አንድ ሰው ስሙ በመልካም መነሣቱ ብቻ ሊያድነው እንደሚችል ከዚህ ተማርሁ።

በካምብሪጅ የፈለገውን ነገር ከዕጢዎቹ ለይቶ አወጣ። ምን እንደ ሆነ ስላላወቀ አላወቅሁትም የሚል ትርጉም ያለው የቀልድ ስም ቢያወጣለት፣ የመጽሔቱ አዘጋጅ አልተቀበለውም፤ ስለዚህ በ1928 ሄክሱሮኒክ አሲድ ተብሎ ታተመ። ከዚያም በአሜሪካ ከእርድ ቤት በሚመጡ ዕጢዎች ላይ ደክሞ 25 ግራም ያህል ብቻ አገኘ። ይህ ደግሞ ለምርመራው አልበቃም።

በሀንጋሪ የሴጌድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ከሆነ በኋላ ከረዳቱ ጋር ነገሩን በጊኒ ፒግ ላይ ፈተነው። ከዚህ አሲድ በቀን አንድ ሚሊግራም ብቻ ያገኙት እንስሳት በጤና ሲኖሩ፣ ያላገኙት ድድን በሚያደማው በስከርቪ በሽታ አለቁ። ለብዙ ዘመን የተፈለገው ቫይታሚን ሲ ይኸው ነበር። በዚያው በ1932 አሜሪካዊው ቻርልስ ግሌን ኪንግም ይህንኑ ስላስታወቀ፣ ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ቈየ።

አሁንም የጐደለው ብዛቱ ነበር። አንድ ማታ ሚስቱ ለእራት ፓፕሪካ የሚሉትን ቃሪያ አቀረበችለት። መብላት ስላላሰኘው ቃሪያውን ይዞ ወደ ላቦራቶሪው ሄደ። እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ቃሪያው በቫይታሚኑ የተሞላ መሆኑን አወቀ። ሴጌድ ደግሞ የቃሪያ አገር ነበረች! በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአንድ ኪሎ በላይ አወጣና ለራሱ ሳይሰስት ለሌሎች ሊቃውንት አከፋፈለ። በ1937 የሕክምናን የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ይህ ሁሉ ከሰውነታችን ጋር ምን ያገናኘዋል ትሉኝ ይሆናል። ሕዋሶቻችን ምግብን በኦክሲጅን እያቃጠሉ ኃይል ያገኛሉ። በዚህ ጊዜ ከኦክሲጅኑ ጥቂቱ ኤሌክትሮን የጐደለው ነጻ ራዲካል ወደሚባል ነገር ይለወጣል። ራዲካሉ ከጎረቤቱ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ የተነጠቀውም በተራው ቀማኛ ይሆናል፤ እንዲህ እያለ የሕዋሱን ሽፋንና የዘር መልእክቱን ያበላሻል። ቫይታሚን ሲ ግን የራሱን ኤሌክትሮን ሰጥቶ ጠቡን ያበርዳል። ቀማኞቹ ከጠባቂዎቹ ሲበዙ ሊቃውንት ኦክሲዴቲቭ ስትሬስ ይሉታል፤ ይህን አሳብ በ1985 ያብራራው ጀርመናዊው ሄልሙት ዚስ ነው። ነገር ግን ሰውነታችን በራዲካሎች ተሕዋስያንን ስለሚገድልባቸው ሁሉም ጠላት አይደሉም፤ ብዙ ክኒን መዋጥም ካንሰርን ይከላከላል ተብሎ አልተረጋገጠም።

ሴንት ጆርጂ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎችን ተቃውሞ ከጌስታፖ ተሸሽጎ ኖረ። በ1947 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዉድስ ሆል ባሕር ዳር ምርምሩን ቀጠለ። ሁለተኛ ሚስቱና ሴት ልጁ በካንሰር ስለ ሞቱበት፣ እስከ እርጅናው የኤሌክትሮንንና የነጻ ራዲካልን ነገር ከካንሰር ጋር እያያዘ ሲመረምር ኖረ። የካንሰርን ቍልፍ ግን አላገኘውም። በ1986 በ93 ዓመቱ ዐረፈ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል የምንሰማው ለማጽናኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የዘገየ ልጅና የዘገየ ቀለም ምን ሊያስገኙ እንደሚችሉ አይቻለሁ። በዚህ ዓመት ተፈታኝ ነኝ፤ ውጤቴን አላውቅም።

በቅርቡ ከእናቴ ጋር ጓዳ ገብቼ ሙዝ ለሁለት ቈረጥሁና በአንዱ ላይ ሎሚ ጨመቅሁበት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሎሚ ያልነካው ጠቈረ፤ ሌላው እንደ ነጣ ቈየ። የሎሚው ኮምጣጣነትም እንደሚረዳ ጨምሬ የኦክሲጅንን ነገር አስረዳኋት። እርስዋም ጸጥ ብላ ሰምታኝ፣ ታዲያ ድንቹ ሎሚው ያለውን ነገር ለምን አጣ ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ገና እየፈለግሁላት ነው።