ካርል ትሮል

ካርል ትሮል (እ.ኤ.አ. 1899–1975) ጀርመናዊ የጂኦግራፊና የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር። በምድር ወገብ አካባቢ የሚገኙ ተራሮችን የአየር ንብረት ለመግለጽ የሚያገለግለውን «ታገስጻይተንክሊማ» የሚለውን ቃል በሳይንስ ውስጥ አስገብቷል። በኢትዮጵያ ይህ ዓይነቱ አየር ንብረት በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ከጎባ በላይ ያለው የባሌ ሰነቲ አምባ ነው።

ሕይወቱ

ትሮል በባቫርያ ዲሴምበር 24 ቀን 1899 ተወለደ። ታላቅ ወንድሙ ቪልሄልም ትሮልም የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር። ካርል በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ዕፅዋትን አጥንቶ በ1921 የዶክትሬት ዲግሪ አገኘ፤ በኋላም ወደ ጂኦግራፊ ዞረ። ከ1926 እስከ 1929 በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች፣ በ1933 እና 1934 በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ፣ በ1937 ደግሞ በሂማላያ ናንጋ ፓርባት ተራራ ጥናት አካሄደ። ከ1938 ጀምሮ በቦን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1939 ከአየር ላይ ስለተነሡ ፎቶግራፎች በጻፈው ጥናት «የመልክዓ ምድር ሥነ ምኅዳር» የሚለውን ስያሜ አወጣ። በ1947 «ኤርድኩንደ» የተባለውን መጽሔት መሠረተ። ጁላይ 21 ቀን 1975 በቦን ሞተ።

የቃሉ አመጣጥ

በጀርመንኛ «ያረስጻይት» የዓመት ጊዜ ወይም ወቅት፣ «ታገስጻይት» ደግሞ የቀን ጊዜ ማለት ነው። «ክሊማ» የመጣው ከግሪክ ሲሆን የመጀመሪያ ትርጉሙ ማዘንበል ነው፤ ፀሐይ እንደየአገሩ የምታዘነብልበትን መጠን ያመለክት ነበር።

በአውሮፓ ብርድና ሙቀት የሚፈራረቁት በዓመቱ ወቅቶች ነው። ትሮል ግን በምድር ወገብ አካባቢ የቀንና የሌሊት የሙቀት ልዩነት ከወራቱ ልዩነት እንደሚበልጥ አስተዋለ። ይህንንም በ1943 ባሳተመው ጥናት የዓለምን አየር ንብረት ለመመደብ ተጠቀመበት። በሠራቸው ሥዕላዊ ሰንጠረዦች አንደኛው መስመር የቀኑን ሰዓታት፣ ሌላው ወራቱን ያሳያል።

ከባሌ ጋር ያለው ግንኙነት

ሮቤና ጎባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛሉ። ከጎባ በላይ ያለው ሰነቲ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ በዚያ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። በደረቁ ወራት ቀን ፀሐይ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። በአምባው የሚበቅለው ጅብራ ሌሊት ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ለጋ እምቡጡን ከውርጭ ይከላከላል።

በአማርኛም ክረምትና በጋ የሚለዩት በዋናነት በዝናብ ነው፤ ብርድና ሙቀት የሚለዩት ደግሞ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ በሚሉ የከፍታ ስሞች ነው። ስለዚህ «ክረምት» የሚለው ቃል የአውሮፓን የብርድ ወቅት ሲተካ ትርጉሙ ይዛባል። የትሮል ቃል ይህን ልዩነት ለመረዳት ይጠቅማል።