የአፍሪካን ኳስ እንደ ቅሬ ያቆሙ ሰው፦ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ



ዘንድሮ በዚህች መጽሔታችን ስለ አንድ የኳስ ሰው ልንጽፍ ስንነሳ ቅር የሚላቸው አባቶች እንደማይጠፉ እናውቃለን። ኳስ የሥራ ፈት ነገር ነው፣ ጫማ መጨረሻ ነው ሲባል ሰምተን ያደግን ነን። በመካነ ሰላም ሜዳ ላይ ጨርቅ በካልሲ ጠቅልለን ስንለጋ ውለን ማታ የጠበቀን አለንጋ ትዝ የሚለው ከመካከላችን ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የእኚህን ሰው ሕይወት መርምረን ስናየው ነገሩ ከኳስ አልፎ የእኛኑ የቅሬ ሥርዓት የሚመስል ሆኖ አገኘነው። እንዴት እንደሆነ ከዚህ በታች እንገልጻለን። የአገር ቤቱን ዘመን በእኛ አቆጣጠር፣ የውጭውን ውድድር ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. እያልን እንጽፋለን።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት በጅማ ነው፤ ቀኑም መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት ነበር። አባታቸው ያ በግጥሙና በዜማው አገር ያወቀው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ በአጼ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው፣ ድምፃቸው በሸክላ ከተቀረጸ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ሆነዋል። ለእኛ ለወሎዎች ደግሞ ሌላ ትዝታ አላቸው፤ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆኑት የልጅ ኢያሱ የቅርብ ሰው ነበሩ። እንግዲህ አባት በቃል፣ ልጅ በእግር ስም አስጠሩ ማለት ነው። ልጅየውም ቢሆኑ ኋላ በስብሰባ አዳራሽ ያሸነፉት በቃል ነውና የአባታቸውን ነገር አልጣሉም።

ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለው ቡድን በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ሲቋቋም ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ወዲያው ጣልያን ገባ። በወረራው ዘመን ጥቁርና ነጭ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ቡና ቤት እንዳይገናኝ ሲከለከል፣ የአራዳ ልጆች ኳሳቸውን አልተዉም። አገር በማይናገርበት ጊዜ ኳስ ሜዳ ላይ ማሸነፍ ምን ማለት እንደነበር ያንን ዘመን ያየ ያውቀዋል። ይድነቃቸውም የዘር መለያየት ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚያው ከመንደራቸው ተማሩት። ይህ ትምህርት ኋላ ላይ ትልቅ ፍሬ አፍርቷል።

ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲጀመር ተወዳዳሪዎቹ አምስት ነበሩ፤ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ጦር ቡድን። ይድነቃቸው ለጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫውተዋል። በመዝገብ እንደሰፈረው 365 ጨዋታ ተሰልፈው 318 ግብ አግብተዋል፤ ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። በአንድ ማልያ 23 ዓመት! ዛሬ በየዓመቱ ክለብ የሚቀያየረውን ተጫዋች ለለመደ ወጣት ይህ ተረት ሊመስለው ይችላል።

ዋናው ታሪካቸው ግን ከሜዳ ከወጡ በኋላ ነው።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ካርቱም ላይ ተሰበሰቡና የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። ከኢትዮጵያ በኩል ከመሥራቾቹ አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። እንዲያው ሲታሰብ ምን ነበራቸው? አብዛኛው አፍሪካ ገና በቅኝ ግዛት ነበረ። አራት ጎረቤት ሰብሰብ ብሎ ችግርና ደስታን አብረን እንካፈል እንደሚለው የእኛ ቅሬ ዓይነት ነው።

ታዲያ ገና በመጀመሪያው ቀን ፈተና መጣ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እዚያው ካርቱም ሲዘጋጅ ኢትዮጵያ የደረሳት ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበር። የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አናመጣም አሉ። አቶ ይድነቃቸውና ጓደኞቻቸው በዚህ አልተስማሙም። ደቡብ አፍሪካ ቀረች፤ ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራት አባል ካለው ማኅበር አንዱን ማጣት ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን በአንድ መደብ ላይ ክርስቲያኑና እስላሙ አብሮ ተቀምጦ ሐዘንተኛ በሚያጽናናበት በእኛ አገር ነገሩ በቀላሉ ይገባናል፤ ሰውን በዘሩ የሚለይ ቅሬ ቢበዛም አያድግም፤ ቢያንስም የማይለየው ይሻላል።

በጥር 1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ ቡድናችንን በአሠልጣኝነት የመሩት እሳቸው ነበሩ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ በፍጻሜውም ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። ከእናቱ ኤርትራዊት፣ ከአባቱ ጣልያናዊ የሆነው አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ያን ዋንጫ አላገኘነውም።

አሁን ወደ ክለቦች ውድድር እንምጣ። አውሮፓውያን የክለብ ሻምፒዮኖቻቸውን ማወዳደር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን የመጀመሪያዎቹን አምስት ዋንጫዎች በተከታታይ የወሰደው ሪያል ማድሪድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የአውሮፓና የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮኖች ተጋጠሙ፤ ማድሪድም የኡራጓዩን ፔኛሮልን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ተባለ። ዓለም ሲሉ ግን አፍሪካ አልተቆጠረችም።

አፍሪካውያን ግን ጥሪ አልጠበቁም፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የራሳቸውን የክለቦች ዋንጫ ጀመሩ። ዋንጫው በክዋሜ ንክሩማ ስም የተሰየመ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1965 አክራ ላይ የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ የማሊውን ስታድ ማሊየንን 2 ለ 1 አሸንፎ ወሰደው። በዚያ የመጀመሪያ ውድድር የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ከመጨረሻዎቹ አራት አንዱ እንደነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን? ቅዱስ ጊዮርጊስም እ.ኤ.አ. በ1967 እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል።

በዚያው በ1967 የሆነው የዘመኑን ችግር ያሳያል። የጋናው አሻንቲ ኮቶኮና የኮንጎው ኢንግልበርት ለፍጻሜ ደርሰው ሁለቱንም ጨዋታ 1 ለ 1 እና 2 ለ 2 ወጡ። ሦስተኛ ጨዋታ ሲቀጠር የቀጠሮው መልእክት ለኮቶኮ ተጫዋቾች ሳይደርስ ቀረና ዋንጫው ለኢንግልበርት ተሰጠ። መልእክተኛ ሳይነግረው ከቀብር የቀረ ሰው ቅጣት ሲወሰንበት እንደማየት ነው! ለአውሮፕላን የሚከፈል ገንዘብ አጥቶ ከመንገድ የቀረ ክለብም ጥቂት አልነበረም። ማኅበርን ማቆም ማለት እንግዲህ ይህን ሁሉ ችሎ መቀጠል ነው።

አቶ ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. በ1972 የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡና እስከ ዕለተ ሞታቸው 15 ዓመት መሩ። በእሳቸው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ የተባለው ሁለተኛው የክለቦች ውድድር ተጨመረ፤ የመጀመሪያው ባለዋንጫም የካሜሩኑ ቶኔር ያውንዴ ሆነ። የጊኒው ሃፊያም በ1972፣ በ1975 እና በ1977 ሦስት ጊዜ አሸንፎ የንክሩማን ዋንጫ ለዘለቄታው አስቀረው።

ከፊፋ ጋርም ብዙ ተሟግተዋል። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ አንድ ቋሚ ቦታ እንኳ ሲነፈግ፣ እሳቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ተቃወሙ፤ የአፍሪካ አገሮችም አድመው ከማጣሪያው ወጡ። ከዚያ በኋላ ለ1970 አንድ ቦታ፣ ለ1982 ሁለት ቦታ ተገኘ። የደቡብ አፍሪካም ጉዳይ አልተረሳም፤ ለዓመታት ሲታገድ፣ ሲፈታ፣ እንደገና ሲታገድ የቆየው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1976 ሞንትሪያል ላይ ከፊፋ ተባረረ። ካርቱም ላይ የተጀመረው ነገር 19 ዓመት ፈጀ፤ እሳቸው ግን አልሰለቹም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያስጨነቃቸው የተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለስ ነበር። ልጆቻችንን አገር ውስጥ ይዘን አንድ ቀን ከዓለም ጫፍ እንድረስ፣ ወይም ምርጦቻችንን ለቀን ሁልጊዜ ከታች እንቅር፤ አፍሪካ ከሁለቱ አንዱን ትምረጥ ይሉ ነበር። እኛ እዚህ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሙሉ በሙሉ አንስማማም። ከየመንደራችን ዓረብ አገር የሄዱ ልጆች ስንቱን ቤት ቆርቆሮ እንዳለበሱ እናውቃለንና የሄደውን መውቀስ አይቻለንም። ግን ደግሞ ሰው ሲሞት ቃሬዛ የሚሸከም ጎረምሳ እየጠፋ መምጣቱን የምናይ እኛው ነን። ስለዚህ የአቶ ይድነቃቸው ጭንቀት ባዶ ጭንቀት አልነበረም።

በነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው አረፉ። ቀኑ ልጆች ጅራፍ የሚያጮሁበት የቡሄ ዕለት ነበር። በእንቁጣጣሽ ተወልዶ በቡሄ ማረፍ፣ ሁለቱም የልጆች በዓል! ዕድሜውን ሁሉ ከጨዋታ ጋር ለኖረ ሰው የተመረጠ ይመስላል።

ከሞታቸው በኋላ የሆነውን ቢያዩ ምን ባሉ ነበር? አፓርታይድ ሲወድቅ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ማኅበሩ ተመለሰች፤ በ1995 ኦርላንዶ ፓይሬትስ የተባለው የሶዌቶ ቡድን የአፍሪካ ክለቦችን ዋንጫ ወሰደ፤ በ1996 ደግሞ አገሪቱ ጥቁርና ነጭ በተቀላቀለበት ቡድን የአፍሪካ ዋንጫን በላች። የክለቦቹ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1997 ሻምፒዮንስ ሊግ ተባለ። ያ የ1967ቱ ኢንግልበርት ስሙን ቲፒ ማዜምቤ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ለዓለም ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ፤ በኢንተር ሚላን 3 ለ 0 ቢሸነፍም ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ላይ 32 ክለቦች ሲወዳደሩ ከአፍሪካ አራት ነበሩ፤ አንዱም የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ነው። ከኢትዮጵያ ግን አልነበረም። በሩን ከከፈቱት አንዱ የእኛ ሰው ሆነው ሳለ እኛው ደጅ መቅረታችን ያሳዝናል።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ሁሉ የጻፍነው ለወሬ አይደለም። የሰፈራችን ልጆች የሚጫወቱባት ሜዳ እየጠበበች ነው፤ ጉዳዩ በስብሰባችን ላይ ሲነሳ ቅሬ ለሞተ እንጂ ለኳስ አልተቋቋመም የሚል አሳብ ይሰማል። አሳቡ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ነገ እኛን የሚቀብሩን እነዚያው ልጆች ናቸው። ተሰብስበው መጫወትን ያልለመዱ ልጆች ተሰብስበው ቃሬዛ መሸከምን ከየት ይማሩታል? አራት አገር ሆኖ የተጀመረው የነይድነቃቸው ማኅበር ዛሬ 54 አባል አገሮች አሉት፤ ያንን ያቆመው ገንዘብ ሳይሆን አብሮ መሆን ነው። ስለዚህ ልጆቹን አንግፋቸው፤ ሜዳዋን አብረን እንጠብቅላቸው እንላለን።

የአቶ ይድነቃቸውን ነፍስ በገነት ያኑርልን፤ በዓመቱ ውስጥ የተለዩንን አባሎቻችንንም ፈጣሪ ይማርልን። አሜን።